በስድስተኛው ቤት ላይ፤ ከወገራ እስከ ገለጉ

ጥምቀት ባለፈ በሳምንቱ፣ ማክሰኞ ጠዋት፣ ከወገራ ተነሣሁ። የገብሱ ቃርሚያ ላይ ውርጭ ነጭ ሆኖ ተኝቷል። ጣቶቼ ደንዝዘው ቁልፍ መያዝ ስላቃታቸው በሬን ጎረቤቴ ቆለፈችልኝ። ጋቢ በጋቢ ላይ ደርቤ፣ በአንድ እጄ ድርቆሽ፣ በሌላው በፕላስቲክ ባልዲ የተሞላ ለጋ ቅቤ ይዤ ቆላ ልወርድ ነው። ቆላን የምታውቁ ከአሁኑ ትስቁብኛላችሁ። እኔ ግሸንንም ላሊበላንም በእግሬ የረገጥኩ ሴት ብሆንም ወደ መተማ በኩል አንድ ቀን እንኳ ወርጄ አላውቅም ነበር።

የሄድኩት ዘር ለመቁጠር ነው። የሟቹ ልጄ የጌታሁን ልጅ የሺ፣ ገንዳ ውሃ ሰሊጥ ማበጠሪያ መጋዘን ውስጥ ስትሠራ አራት ዓመት ሆናት። እዚያ ደሳለኝ ከሚባል ትራክተር ነጂ ጋር ተዋደደች። አምና ወባ ጥሏት ራሷን ልትስት ስትል በትራክተር ጭኖ ሐኪም ቤት ያደረሳት እሱ ስለሆነ፣ ልጁን ሳላየው ወድጄዋለሁ። ገለጉ የሚኖሩት አያቱ ግን፣ «ሰባት ቤት ሳይቆጠር ከእኔ ወገን ጋብቻ የለም» ብለው ላኩ። ሰባት ቤት ማለት ሰባት ትውልድ ነው። ከዚያ በታች በአንድ አያት የተገናኙ ሰዎች በእኛ ዘንድ እንደ ወንድምና እህት ናቸውና አይጋቡም። ከእኛ ወገን ደግሞ እስከዚያ ድረስ ቆጥሮ የሚያውቅ ከእኔ በቀር አልቀረም። የሺ በስልክ፣ «እምዬ፣ ጾሙ ሳይገባ ድረሽልኝ። ይህ ካለፈኝ ሌላ አልፈልግም» ብላ አለቀሰች። እንግዲህ ምን እላለሁ፣ ተነሣሁ።

ጎንደር ድረስ በሚኒባስ ሄድኩ። ረዳቱ ባልዲዬን አይቶ፣ «እማማ፣ እርስዎ ነዎት ባልዲውን የሚይዙት ወይስ ባልዲው ነው እርስዎን የሚይዘው?» አለኝ። ተሳፋሪው ሁሉ ሳቀ፣ እኔም ሳቅሁ። በዚያ መንገድ ከልብ የሳቅሁት ያኔ ነው ብል አልዋሽም። ከጎንደር በሌላ መኪና አይከል ደርሰን አደርን። ያሳደረችኝ የአልጋ ቤቱ ባለቤት ሁለት ብርድ ልብስ ሰጥታኝ፣ ሽሮ በትኩሱ አቅርባልኝ፣ ጠዋት ደግሞ እጄን ይዛ ለመነችኝ።

«እማማ፣ ቅቤውን እዚህ ይተዉልኝ። ሲመለሱ ይወስዱታል። ቆላ ሲደርሱ ውሃ ነው የሚሆን።»

«ባዶ እጄን ሄጄ የሰው ዘር ልቆጥር?» አልኳት። ግትር ነኝ፣ አልሰማኋትም።

ረቡዕ ቁልቁለቱን ወረድን። ከዚህ ወዲያ መኪና ብቻውን አይሄድም፤ አምስት ሆነን ተከታትለን ሄድን። ሰው ከመንገድ ይወሰዳል የሚል ወሬ ስለነበር በመኪናው ውስጥ የሚያወራ የለም፤ ሁሉም የሾፌሩን ፊት ያያል። እኛ አገር መንገደኛ ሲሳፈር ስም ይጠያየቃል፣ የማን ልጅ ነህ ይባባላል። እዚያ ስሙን የሚናገር አላገኘሁም። ኬላ በደረስን ቁጥር ወርደን ተፈተሽን። አንዱ ጠባቂ ባልዲዬን ከፍቶ አሽትቶ፣ «የእናቴ ቤት ሸተተኝ» ብሎ መልሶ ከደነው፤ ፊቱ ጠቁሮ ነበር።

ሙቀቱ የመጣው ቀስ ብሎ አይደለም። አንድ መታጠፊያ ላይ ደጋው ያልቅና እንደ እቶን አፍ ይከፈትብሃል። የላይኛውን ጋቢ አወለቅሁ፣ ቀጥሎም የታችኛውን። እኔ ባወለቅሁ ቁጥር ቅቤውም ቀለጠ። ክዳኑ ተስፈንጥሮ፣ አጠገቤ የተቀመጠ ጥጥ ለቀማ የሚወርድ የጎጃም ጎልማሳ ጭንና በመካከላችን ባኖርኩት ጋቢ ላይ ተንዠቀዠቀ። ምድር ብትውጠኝ በወደድኩ።

«ወየው ልጄን! ይቅር በለኝ!»

«ኧረ ግድ የለም እማማ፣» አለ ሱሪውን እየጨመቀ፣ «ሚዜ ሳይኖረኝ ሙሽራ አደረጉኝ እኮ!» ከዚያ ክዳኑን መልሶ፣ ባልዲውን በራሱ ነጠላ ጠቅልሎ እስኪወርድ ያዘልኝ። ገንዳ ውሃ መግቢያው ላይ ስንደርስ ወረደ። ብዙ እንደ እሱ ያሉ ሰዎች አደባባዩ ላይ ቆመው ቀጣሪ ይጠብቃሉ። ቀጣሪው እየዞረ ክንዳቸውን ያያል፤ አንዱን ና፣ አንዱን ተው ይላል። በእኛ አገር እንዲህ ተደርድሮ የሚመረጥ የእርሻ በሬ ነው። ያን ጎልማሳ ይምረጡት አይምረጡት ሳላይ መኪናው ሄደ፤ ሱሪው ቅቤ ስለሆነ እንዳይንቁት ፈራሁ።

መናኸሪያው ላይ የሺ ቆማ ጠበቀችኝ። ከስታለች። አንገቷ ሥር ያሉት አጥንቶች ይቆጠራሉ። የተከራየችው ቤት ከሱቅ ጀርባ ነው፤ የቤቱ ባለቤት ዘሀራ የምትባል ነጋዴ ናት፣ ሱዳኖች ቶብ የሚሉትን ረጅም ቀጭን ጨርቅ ተከናንባ ሱቋ ውስጥ ትውላለች። ቅቤ የጠጣውን ጋቢዬን ያለ አንድ ቃል ወስዳ በሳሙና ዘፈዘፈችው። ከርከዴ የሚሉትን ቀይ ቀዝቃዛ መጠጥ አጠጣችኝ። ደጅ፣ ራኩባ ከሚሉት የሣር ዳስ ሥር፣ በገመድ የተጠለፈ አልጋ አውጥታ፣ «እቤት ውስጥ አይተኙም እማ፣ ይቀቀላሉ» አለችኝ። ደጅ የተኛሁት በዕድሜዬ ለሰው ልቅሶ ብቻ ነበር።

ሐሙስ እዚያው ዋልን። የሺ ሥራ ሄደች፤ እኔና ዘሀራ ሱቁ በር ላይ ተቀመጥን። የመጣሁበትን ስነግራት እጇን አጨበጨበች።

«ለስድስት ሰባት አያት ብለው? እኔ የአጎቴን ልጅ ነው ያገባሁት! አማቴ ከሕፃንነቴ ጀምሮ ነው የምትቆጣኝ፤ ስዳር የተለወጠ ነገር የለም።»

«የእናንተ ይፈቅድላችኋል፣ ልጄ። የእኛ አይፈቅድም።»

«እሺ፣ ከላይ ያለው ማን ነው? ዋናው?»

ዋናዋ ወይዘሮ ላቀች ናት። አባቴ እንዳስተማረኝ አድርጌ ነገርኳት። ላቀች የትልቅ ባላባት ልጅ ነበረች። ሁለት ቤቶች ደም ተቃብተው ሲኖሩ፣ ሽማግሌ ገብቶ፣ ዕርቁ እንዲጸና ላቀችን በዐሥር ዓመቷ ለጠላት ቤት ልጅ ዳሯት። ገና የወተት ጥርሷ ረግፎ አላለቀም፤ በሞግዚት ጀርባ ታዝላ ነው ከአባቷ ቤት የወጣች። ባሏ ትልቅ ሰው ነበር። ከእሱ ወልዱን ወለደች፤ እኛ የወልዱ ዘር ነን። ባሏ ጦር ሜዳ ሲቀር፣ ኀዘኗን ሳትጨርስ፣ ወንድሞቿ ለቆላ ሹም ሰጧት፤ መሬትና ጠመንጃ ይፈልጉ ነበር። ፈቃዷን የጠየቃት የለም። «ትልቅ ወይዘሮ» ይሏታል እንጂ ከአንዱ ቤት ወደ አንዱ ቤት እንደ ዕቃ ስትዛወር ኖራ ሞተች። ቆላ ውስጥ ልጅ ትውለድ አትውለድ አባቴ አልነገረኝም፤ እኔም አልጠየቅሁትም።

ዘሀራ እስከ መጨረሻው ሰምታ፣ «ምስኪን» አለች። ወይዘሮ ላቀችን ምስኪን ያለ ሰው እስከዚያ ቀን ሰምቼ አላውቅም።

ዓርብ በጭነት አይሱዙ ወደ ገለጉ ሄድን። ሾፌሩ እኔን ጋቢና አስቀመጠኝ፣ የሺ ከላይ ማዳበሪያ ላይ ተቀመጠች። መንገድ የሚሉት ሌላው መኪና የሄደበትን የጎማ ፈለግ ነው። አቧራው ጥርስ መሐል ይገባል። ከቀትር በኋላ ጎማ ፈነዳና ዲዛ ከሚሉት ሆደ ሰፊ ዛፍ ሥር ሁለት ሰዓት ያህል ተቀመጥን። ቅርንጫፉ ላይ ቅጠል ስለሌለ ጥላው የግንዱ ጥላ ብቻ ነበር፤ ሁላችንም በአንድ መስመር ተደርድረን ከፀሐይ ጋር ዞርን። ሾፌሩ ከጀሪካኑ የመጨረሻውን ውሃ ለእኔ ቀዳልኝ፤ እሱ ሳይጠጣ ጎማውን ቀየረ።

አያ ካሴ፣ የደሳለኝ አያት፣ አጥራቸው በር ላይ ቆመው ተቀበሉን። ረጅም ሽማግሌ ናቸው፤ ዓይናቸው ደክሟል፣ ድምፃቸው አልደከመም። «እመት አልጋነሽ! ለልጆች ብለው በዚህ ዕድሜ እዚህ ድረስ? አንቱ የተባረኩ!» ብለው እግሬን ያሳጠቡኝ ራሳቸው ቆመው ነው። አልጋቸውን ለቀውልኝ ደጅ ተኙ። ደሳለኝ ዝምተኛ ልጅ ነው። እጁ ላይ የግሪስ ጥቁረት አለ፣ ፊቱ ላይ ግን ክፋት የለም። የሺን ሲያያት ውሃ እንደ አየ መንገደኛ ነው።

ቅዳሜ ጠዋት ቆጠራው ሆነ። ሁለት የአገር ሽማግሌዎች መጡ፤ ምንጣፍ ተነጠፈ፤ የሺና ደሳለኝ ከአጥሩ ዳር ቆሙ። ሥርዐቱ ሁለቱ ወገኖች ከልጆቹ ጀምረው፣ አንድ እኔ አንድ እርስዎ እያሉ፣ ወደ ላይ መውጣት ነው። አያ ካሴ ጣታቸውን አጠፉ።

«የደሳለኝ አባት አለሙ፣ አንድ።»

«የየሺ አባት ጌታሁን፣ አንድ።»

«የአለሙ አባት እኔ ካሴ፣ ሁለት።»

«የጌታሁን እናት እኔ አልጋነሽ፣ ሁለት።»

«የእኔ አባት ጓንጉል።»

«የእኔ አባት ተካ።»

«የጓንጉል አባት ማንያዘዋል።»

«የተካ አባት ውቤ።»

«የማንያዘዋል እናት ትርንጎ፣ አምስት።»

«የውቤ አባት ወልዱ፣ አምስት።»

እዚህ ላይ አያ ካሴ ፈገግ አሉ፤ ሊያልቅ ነው ማለታቸው ነበር። «የትርንጎ እናት ወይዘሮ ላቀች» አሉ።

እኔ ደግሞ ማሰብ አልነበረብኝም፤ አፌ ቀድሞኝ፣ «የወልዱ እናት ወይዘሮ ላቀች» ብሎ ጨረሰ። አባቴ ከሰባት ዓመቴ ጀምሮ ጠዋት ማታ ያስቆጥረኝ ነበርና፣ ከአባታችን ሆይ ቀጥሎ የማውቀው ያንን ነው። የሚቀጥለውን ስም ልጠራ ስል ነው የሁሉም ፊት ወደ እኔ መዞሩን ያየሁት።

አያ ካሴ ስድስተኛ ጣታቸውን እንዳጠፉ ቀሩ። «ስድስት» አሉ። «በስድስተኛው ቤት ተገናኙ። አንድ ቤት ጎደለ።» አንደኛው ሽማግሌ አማተበ። የሺ እንደ ተቆረጠ አገዳ ባለችበት ተቀመጠች። ደሳለኝ ወደ እሷ አንድ እርምጃ ሄዶ ቆመ። ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ እህቱ ተብላለችና መንካት እንኳ ፈራ። አያ ካሴ ግን ተነሥተው ጉልበቴን ሳሙኝ፣ «ሠርግ ስንል ዘመድ አገኘን» አሉ። ከልባቸው ነው። ያ ከሁሉ ይልቅ ጎዳኝ።

የዚያን ቀን የቀረበልኝን አልበላሁም። ወገኖቼ፣ አሁን የምጽፈውን ስታነቡ ትቆጡኝ ይሆናል፤ ብትቆጡም ከእኔ አፍ ስሙት። እኔ ለዘሀራ የነገርኳትም፣ በቆጠራው ላይ ያልኩትም፣ የፍርድ ቤት ዘር ነው። አባቴ ያስተማረኝ ለጋብቻ አልነበረም፤ ለርስት ሙግት ነው። የላቀችን መሬት የሚካፈለው የላቀች ዘር ብቻ ነበር። እኔ ልጅ ሆኜ ከዳኛው ፊት ቆሜ የቆጠርኩ ጊዜ አባቴ ሙግቱን ረታ። ሊሞት ሲል ነው እውነቱን የነገረኝ። ላቀች ከመጀመሪያ ባሏ አልወለደችም፤ መውለድ ሳትደርስ ነው ባሏ የሞተ። ወልዱን የወለደች አብራት ከአባቷ ቤት የመጣች ገረዷ ናት፤ ልጁ የባልየው ነው። ላቀች ሕፃኑን ታቅፋ፣ ልጄ ነው ብላ አሳደገችው። አባቴ ይህን እያወቀ ቤተ ክርስቲያን ገብቶ ማለ፤ መሬቱን ወሰደ። በኋላ መሬት ለአራሹ ሲባል ያው መሬት ለሁሉም ተከፋፈለ፤ ለእኛ መሐላው ብቻ ቀረን።

ስለዚህ የሺና ደሳለኝ ዘመድ አይደሉም። አንድ ጠብታ የጋራ ደም የላቸውም። ይህን ለመናገር ግን አባቴን በሐሰት የማለ ማለት፣ ወገኔንም ሁሉ ከወይዘሮ ወደ ገረድ ማውረድ ነበረብኝ። እናንተ ልጆቻችሁን ስትድሩ «የላቀች ዘር» ብላችሁ ስትኮሩ ኖራችኋል።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ሽማግሌዎቹን እንደገና አስጠራሁና ተናገርኩ። አያ ካሴ እስክጨርስ አላቋረጡኝም። ከዚያ ሳቁ፤ ክፉ ሳቅ ነው።

«ትላንት የወይዘሮ ልጅ፣ ዛሬ የገረድ ልጅ! ለሠርግ ተብሎ ቀሚስ ሲለወጥ እንጂ እናት ስትለወጥ አላየሁም።»

«አያ ካሴ፣ ውሸቱ የትላንቱ ነው።»

«ታዲያ ትምያለሽ?»

አንቺ አሉኝ። ትላንት ጉልበቴን የሳሙ ሰው።

«እምላለሁ» አልኩ። ከቤተ ክርስቲያኑ ደጃፍ ሄደን፣ ቄሱ ባሉበት፣ አባቴ በማለበት መሐላ ተቃራኒውን ማልሁ። የሺ ከኋላዬ ቆማ ክንዴን ይዛኛለች። ከእኔና ከአባቴ አንዳችን እንደምንኰነን ሳስብ፣ እሱ ከኩነኔው እንዲተርፍ ጸለይኩ።

አያ ካሴ መቋሚያቸውን ተደግፈው ወደ ሽማግሌዎቹ ዞሩ። «ምላለች። ዘመድ አይደሉም፣ ይጋቡ» አሉ። «ግን የላቀች ዘር የገረዷን ዘር ሲያገባ ድንኳን አልጥልም፤ አልመርቅም። ገንዳ ውሃ ሄደው እንደ ቀን ሠራተኛ ይጋቡ። የእሷም ወገን፣ ይቺም አሮጊት፣ በዚያ ቀን አይምጡብን። ሰማህ ወይ፣ ደሳለኝ?»

ሁላችንም ደሳለኝን አየነው። የሺ የምትጠብቀው አንድ ቃል ነበር። እሱ የትራክተሩን ቁልፍ በጣቱ እያዞረ መሬት መሬት አየና፣ «እሺ፣ አባባ» አለ።

ሰኞ በሌላ አይሱዙ ተመለስን፤ ደሳለኝ ለእርሻው ቀረ። አያ ካሴ ለስንቅ ብለው የላኩት ማሽላ ዳቦ ነበር፤ በልጅ እጅ ነው የላኩት፣ እሳቸው አልወጡም። ዳቦው ጥሩ ነበር። ክፉ ሰው ናቸው እንዳትሉ ነው የምጽፈው። በዚህ መልስ ሾፌሩ የሺንም ጋቢና አስገባት። 

«ታገቢዋለሽ?» አልኳት።

«አገባዋለሁ፣ እምዬ። ትራክተሩ ላይ ስንዘፈዘፍ 'አትሙቺብኝ' እያለ ያለቀሰ ሰው ነው።» ፊቷን ወደ መስኮቱ አዙራ፣ «ግን እሺ ያለው ለመጋባቱ ይሁን አንቺን ለማስቀረቱ ገና አልጠየቅሁትም» አለች።

ገንዳ ውሃ ዘሀራ ጋቢዬን አጥባ፣ አጣጥፋ፣ በላስቲክ ጠቅልላ አቆየችልኝ። የሆነውን ስትሰማ፣ «እኔ እናት ሆኜ እቆምላታለሁ፣ እማ። ሰው ሳይኖራት አትዳርም» አለች። በእኔ ቦታ ልትቆም ነው። አመሰገንኳት፤ መርቄም ጨረስኩ።

ማክሰኞ ጠዋት የሺ መኪና ድረስ ሸኘችኝ። ቦታ ይዛልኝ፣ ከመስኮቱ ሥር ቆመች። ሞተሩ ተነሥቷል።

«እምዬ» አለች ጮክ ብላ፣ «ያችስ ማን ትባላለች?»

«ማናት?»

«ገረዷ። የእኛዋ። ልጅ ስወልድ የሚቆጥር ሰው ከጠየቀኝ ማንን እጠራለሁ?»

አፌን ከፈትኩ። የላቀችን አባት፣ የላቀችን ሁለቱን ባሎች፣ ወንድሞቿን አራቱንም በስም አውቃለሁ፤ ለሁለተኛው ሠርጓ ቆላ የወረደችበትን በቅሎ ስም እንኳ አባቴ አስቆጥሮኛል። መኪናው ሲንቀሳቀስ የሺ መልሴን ለመስማት ትንሽ አብራኝ ሮጠች፤ አቧራው ሲሸፍናት ቆመች።

አይከል እስክደርስ አሰብኩ፤ ጎንደር እስክደርስም አሰብኩ። ብርዱ ጀምሮ የታጠበውን ጋቢ ተከናንቤ ወገራ ገባሁ። አባቴ ሲሞት ስለ ወልዱ እናት የነገረኝ ገረድ መሆኗን ብቻ ነው። ስሟን አልነገረኝም። እኔም አልጠየቅሁትም ነበር።